መንገዱ የማን ነው? የመኪናና የብስክሌት ታሪክ በለንደን ጎዳናዎች

በለንደን ከተማ እንጀራቸውን ከመንገድ ላይ የሚያገኙ ኢትዮጵያውያን ወገኖች ጥቂት አይደሉም። አባት በሚኒካብ ሹፍርና ቤተሰቡን ሲያስተዳድር፣ ልጅ ደግሞ ከትምህርት በተረፈው ሰዓት በብስክሌት ምግብ ያመላልሳል። በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎች ጎዳና ላይ ሲወጡ ግን እንደ ባላንጣ መተያየታቸው የተለመደ ሆኗል። ሾፌሩ ብስክሌተኛውን መንገድ የሚዘጋበት ሰው አድርጎ ያየዋል። ብስክሌተኛው ደግሞ ሾፌሩን ለሰው ነፍስ ደንታ የሌለው አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚህ ሁሉ ክላክስና ስድብ ሥር ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ መንገዱ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መልስ አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብስክሌት ከመኪና በፊት

ብዙ ሰው መንገድ ለመኪና ተሠርቶ ብስክሌት በኋላ የተጨመረበት ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የብሪታንያ ብስክሌተኞች አገር አቀፍ የጉዞ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1878 ነበር። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ የኮቨንትሪ ከተማ ሰው ዛሬ ለሚታየው ብስክሌት አባት የሆነውን ሞዴል ለገበያ አቀረበ። በ1888 ደግሞ ጆን ዳንሎፕ በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋውን ጎማ አወጣ። ዛሬ መኪና ሁሉ የሚንከባለልበት የዚህ ጎማ መነሻ የዳንሎፕ ትንሽ ልጅ ይጫወትበት የነበረው ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው።

የመንገዱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ1886 የአገሪቱ መንገዶች እንዲጠገኑና እንዲሻሻሉ የሚወተውት ማኅበር ሲመሠረት መሥራቾቹ ብስክሌተኞች ነበሩ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ጎዳናዎች ላይ የቤንዚን መኪና ገና አልታየም።

ሕጉም ቢሆን ብስክሌትን እንደ ልጆች መጫወቻ አላየውም። በ1879 አንድ ብስክሌተኛ በኃይል እየጋለበ መጥቶ እግረኛ ገጭቶ በተከሰሰ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ብስክሌት እንደ ሰረገላ ይቆጠራል ሲል ወሰነ። በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግም ይህንኑ በግልጽ ደነገገ። የዚህ ድንጋጌ ትርጉም ቀላል አይደለም። ብስክሌት ሰረገላ ከሆነ፣ ነጂው ሲያጠፋ እንደ ባለ ሰረገላ ይጠየቃል፤ በመንገዱ ላይ የመሄድ መብቱም የባለ ሰረገላ መብት ነው። እንግዲህ «መንገዱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው መኪና ሳይመጣ በፊት ነው ማለት ነው።

መኪና መጣ፤ ሞትም መጣ

በ1865 የወጣው ሕግ በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ2 ማይል፣ በገጠር ከ4 ማይል በላይ እንዳይሄድ ይከለክል ነበር። ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰውም ከፊት ከፊት በእግሩ እየሄደ ሕዝቡን እንዲያስጠነቅቅ ያዝዝ ነበር። ዛሬ ይህ ሕግ ለብዙዎች የሚያስቅ ነው። ሕጉ እየላላ ሲሄድ የሆነው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ነሐሴ 17 ቀን 1896 ብሪጅት ድሪስኮል የተባሉ የ44 ዓመት ሴት ከልጃቸው ጋር ወደ አንድ ዝግጅት ሲሄዱ፣ በደቡብ ለንደን በክሪስታል ፓላስ ግቢ ውስጥ ለሕዝብ ማሳያ የቀረበ መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። በብሪታንያ በመኪና ተገጭቶ በመሞት የመጀመሪያዋ እግረኛ እኚህ ሴት ናቸው። ጁሪው «ድንገተኛ አደጋ ነው» ሲል ፈረደ። የአሟሟታቸውን ምክንያት የመረመረው ዳኛም እንዲህ ያለው ነገር ዳግመኛ እንደማይደርስ ተስፋውን ገለጸ ይባላል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ ሴትዮዋ ከተቀበሩ ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ የመኪና የፍጥነት ገደብ በሰዓት ወደ 14 ማይል ከፍ እንዲል ተደረገ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእንግሊዝ የመንገድ ሕግ ታሪክ በአብዛኛው ሬሳ እየተቆጠረ የተጻፈ ታሪክ ነው። በ1903 መኪናዎች ታርጋ፣ ነጂዎችም መንጃ ፈቃድ እንዲይዙ ታዘዘ፤ ነገር ግን ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ወረቀት እንጂ በፈተና የሚገኝ አልነበረም። በ1930 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ኢንሹራንስን ግዴታ ሲያደርግ፣ የመኪናን የፍጥነት ገደብ ግን ጭራሹን አነሳው። በ1931 የመጀመሪያው የመንገድ ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ታተመ። ይህም ሆኖ በ1934 ብቻ 7,343 ሰዎች በብሪታንያ መንገዶች ላይ ሞቱ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ተሽከርካሪ ከ2 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ነበር።

መንግሥት የነቃው ከዚህ በኋላ ነው። በ1935 በከተማ ውስጥ በሰዓት 30 ማይል የሚለው ገደብ ተደነገገ፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተናም ግዴታ ሆነ። ውጤቱን ለማየት የኋለኛውን ዘመን ቁጥር ማስተያየት ይበቃል። በ2023 ተሽከርካሪው ከ40 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሳለ የሞቱት 1,624 ናቸው። ሰው በተፈጥሮው ከአያቶቹ የተሻለ ጠንቃቃ ሆኖ አልተወለደም። ልዩነቱን ያመጡት ሕጉ፣ ፈተናው፣ የመንገዱ አሠራርና የመኪናው ፍሬን ናቸው።

ከእንግሊዝ ወደ አዲስ አበባ

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያን የሚነካው ገና ከመነሻው ነው። በ1907 ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከእንግሊዝ ይዞት የተነሳውን መኪና ከጅቡቲ ጀምሮ በበረሃና በተራራ አሳልፎ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አደረሰ። የዚያ ጉዞ ታሪክ በ1913 ለንደን ውስጥ በመጽሐፍ ታትሟል። ከዚያ ቀደም ሲል ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ የከተማው ሰው መነጋገሪያ እንደነበር ይታወሳል።

መኪናው እየበዛ ሲሄድ ሐዘኑም ተከተለ። ልዑል መኮንን ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። ሮምና ቶኪዮ ላይ ሁለት የማራቶን ወርቅ የተቀዳጀው ሻምበል አበበ ቢቂላ ደግሞ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገን መኪናውን ሲያሽከረክር ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ። ለሕክምና የመጣው ወደዚሁ አገር ነበር። ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ቆየ። በ1970 እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ዳግመኛ አልቆሙም። በ1973 ሲያርፍ ገና የ41 ዓመት ሰው ነበር። መንገድ ለልዑልም ለጀግናም አያዳላም።

ብስክሌትም ቢሆን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ዕቃ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ሴቱም ወንዱም፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲሄድ ኖሯል። በ2018 ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችን ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ የማድረግ ልማድ ሲጀመር የተሰጠው ስም «መንገድ ለሰው» የሚል ነበር። ስሙ ብዙ ይናገራል።

ብስክሌት ከለንደን ጠፍቶ ተመለሰ

በ1934 መጨረሻ በምዕራብ ለንደን፣ ከሃንገር ሌን እስከ ግሪንፎርድ ባለው መንገድ ዳር የመጀመሪያው የብስክሌት መንገድ ተከፈተ። የሚገርመው ብስክሌተኞቹ ራሳቸው መቃወማቸው ነው። «ዛሬ ዳር ያወጡን ነገ ከዋናው መንገድ ሊያባርሩን ነው» ብለው ሰጉ። በ1949 እንኳ በብሪታንያ መንገዶች ተሽከርካሪ ከሚሄደው ርቀት ሁሉ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በብስክሌት የሚሄድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ይህ ድርሻ ወደ መቶኛ አንድ ገደማ ወረደ። ማንም በሕግ አላባረራቸውም፤ መኪናው በዛ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ እነሱም ፈርተው ወረዱ።

ወደ ለንደን የተመለሱት በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። በ2003 ወደ መሐል ከተማ በሚገቡ መኪናዎች ላይ ክፍያ ተጣለ። በ2010 የኪራይ ብስክሌቶችና በሰማያዊ ቀለም የተቀቡ የብስክሌት መንገዶች ተጀመሩ። ቀለም ግን መኪና አያቆምም። በኅዳር 2013 በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ስድስት ብስክሌተኞች በለንደን ሞቱ። ከተማው በሐዘንና በቁጣ ተናወጠ። ከዚያ ወዲህ በብሎኬት የተከለሉ የብስክሌት መንገዶች መሥራት ተያዘ፤ በ2016 በቴምዝ ወንዝ ዳር የተከፈተው አንዱ ነው። ከባድ መኪናዎችም ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ በመስኮት ምን ያህል ያያል በሚል መለኪያ በኮከብ እንዲመዘኑ ሆነ። ከ2021 ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሆነ ካሚዮን ያለ ፈቃድ ለንደን አይገባም፤ በ2024 መለኪያው ይበልጥ ጠብቋል።

«ቸልተኝነት» በሕግ ዓይን

በቸልተኝነት ማሽከርከር የሚለው ወንጀል በ1930ው ሕግ ሲጻፍ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በ1988ቱም ሕግ እንዲሁ ይገኛል። አንደኛው ተገቢውን ጥንቃቄና ትኩረት ሳያደርጉ መንዳት ነው። ሁለተኛው በመንገዱ ለሚጠቀም ለሌላው ሰው ሳያስቡ መንዳት ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለአበሻ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ለሰው ማሰብ» ተብሎ ከልጅነት የሚነገረው ምክር በእንግሊዝ አገር በሕግ የተጻፈ ግዴታ ሆኖ ይጠብቃል። መለኪያውም ሾፌሩ ለራሱ ያለው ግምት አይደለም፤ ብቃት ያለውና ጠንቃቃ የሆነ ሾፌር ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። «ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ቅጣቱም ከዓመት ዓመት ከብዷል። ቀላሉ ጥፋት በፖሊስ ወረቀት 100 ፓውንድና 3 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል። ፍርድ ቤት ከደረሰ መቀጮው ጣሪያ የለውም፤ ነጥቡም እስከ 9 ይደርሳል። ከ2008 ጀምሮ በቸልተኝነት ነድቶ ሰው የገደለ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰም እስከ 2 ዓመት እስር ይጠብቀዋል። ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ መጥ ወገኖች ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አለ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው በዚህ አገር ነዋሪ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ሊነዳበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ጀማሪ መፈተን አለበት። ፈተናውን ካለፈ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ 6 ነጥብ የሞላበት ሰው ፈቃዱ ይሰረዝና እንደገና ከሀ ሁ ይጀምራል። አንድ ጊዜ በስልክ መያዝ ብቻ ለዚህ ይበቃል። የቆየውም ሾፌር ቢሆን በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ ከሞላ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ከመንዳት ይታገዳል። በሚኒካብ ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ማለት የቤት ኪራዩም፣ ወደ አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ ቆመ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቀይ መብራት ላይ በአንድ ደቂቃ ቀድሞ ለመድረስ ሲባል የፈሰሰውን ለመልቀም ግን ዓመታት ይፈጃል።

ሦስት ቦታዎች

ለብስክሌተኛ አደገኛ ከሆኑት አጋጣሚዎች ሦስቱን መለየት ብዙ ሕይወት ያድናል።

አንደኛው ሲቀድሙት ነው። በጥር 2022 የተሻሻለው የመንገድ ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ፣ እስከ 30 ማይል በሚደርስ ፍጥነት ብስክሌተኛን ሲያልፉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ርቀት እንዲተዉ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ርቀቱም እንዲጨምር ያዛል። ቦታው የማይበቃ ከሆነ ከኋላ ሆኖ መታገሥ ነው። ብስክሌተኛው ጸጥ ባለ መንገድና መገናኛ አካባቢ መሐል መንገዱን ይዞ የሚሄደው ለማናደድ አይደለም። እንዲታይ ሲል እንዲያደርገው የሚመክረው ይኸው መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ሲታጠፉ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ ጠርዝ ማሽከርከር የተዛወረችው በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አገር ቤት የተማረ ሾፌር ወደ ጠርዝ በኩል ሲታጠፍ ዓይኑ የለመደው የቀኙን ስፖኪዮ ነው። ለንደን ውስጥ ግን ብስክሌቱ ያለው በግራ ነው። ፍሬቻ ማብራት ብቻ አይበቃም። ግራውን ስፖኪዮ አይቶ፣ ትከሻን ዞር አድርጎ ማረጋገጥና ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌት ማሳለፍ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው በር ሲከፈት ነው። በግዴለሽነት በር ከፍቶ ሰውን መጉዳት ወይም ለአደጋ ማጋለጥ በራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። መጽሐፉ የሚመክረው ዘዴ ቀላል ነው፤ ሾፌሩ በሩን ቅርብ በሆነው ቀኝ እጁ ሳይሆን በግራ እጁ ይክፈት። ያን ጊዜ ሰውነቱ ሳያስበው ወደ ኋላ ይዞርና የሚመጣውን ያያል። የሚኒካብ ሾፌር ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ከመውረዱ በፊት «ቆይ፣ ልይልህ» ማለትን ልማዱ ያድርግ።

የብስክሌተኛውም ዕዳ አለ

በ1879 ፍርድ ቤት የቀረበው ሾፌር ሳይሆን ብስክሌተኛ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ቀይ መብራት ለብስክሌትም ቀይ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ መጋለብ ከ1835 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ማታ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ማብራት የሕግ ግዴታ ነው። ምግብ ለማድረስ የሚሯሯጡ ወጣቶችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ በ15.5 ማይል ፍጥነት እርዳታውን የሚያቆም የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት ይቆጠራል። ከዚያ በላይ እንዲሄድ የተነካካ ግን በሕግ ሞተር ሳይክል ነው፤ መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቅበታል፤ ካልተገኘ ፖሊስ ይወስደዋል።

ይሁን እንጂ ዕዳው እኩል አይደለም። የ2022ቱ ማሻሻያ በመጀመሪያ ያስቀመጠው መርህ የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችል የበለጠውን ኃላፊነት ይሸከማል የሚል ነው። ካሚዮኑ ለመኪናው፣ መኪናው ለብስክሌቱ፣ ብስክሌቱ ለእግረኛው ይጠንቀቅ ማለት ነው። ይህ ለማንም ማድላት አይደለም፤ የብረቱን ክብደት አይቶ የተሰጠ ፍርድ ነው።

መንገዱ የማን እንደሆነ እንግዲህ ታሪኩ ይመሰክራል። ከብሪጅት ድሪስኮል ጀምሮ እያንዳንዱ ሕግ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አበሻ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ግን ሕግ እስኪወጣ፣ ፖሊስ እስኪቆም አይጠብቅም። ዛሬ ማታ ከሬስቶራንት ወጥቶ መኪናው ውስጥ የሚገባ ሾፌር ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ግራውን ስፖኪዮ ያስተካክል። በዚያ መስተዋት ውስጥ የምትታየው ትንሽ መብራት የአንድ ጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች።